አራተኛው ቆጠራ ማንንም አይለፍ፤ ውጤቱም ወደ ቀበሌ ይመለስ፦ ስለ ሕዝብና ቤት ቆጠራ ከከሚሴ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በከሚሴ ከተማና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች የምንኖር መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርናና የፕላን ሠራተኞች በበጎ ፈቃድ ያቋቋምነው ማኅበር አባላት ነን። በዞናችን የሕዝብ መረጃ ጉዳይ ላይ በስፋት ከተወያየን በኋላ ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። መግለጫው የቀረበው ለፌዴራልና ለክልል መንግሥት አካላት፣ ለዞኑ ምክር ቤትና አስተዳደር፣ ለሃይማኖት አባቶችና ለአገር ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለዞናችን ሕዝብ ነው።

የመግለጫችን ፍሬ ነገር አጭር ነው። በአማራ ክልል ውስጥ እንደ እኛ ያለውን ዞን ለይቶ፣ እስከ ቀበሌ ወርዶ፣ ስለ እያንዳንዱ ቤተሰብ ጠይቆ የሚያሳይ የመረጃ ምንጭ አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አራተኛው ቆጠራ ሰላም በሰፈነበት ሁኔታ፣ ቁርጥ ባለ የጊዜ ሰሌዳ፣ ማንንም ሳያልፍ እንዲካሄድ፣ ውጤቱም ለተቆጠረው ሕዝብ እንዲመለስ እንጠይቃለን።

1. ሦስቱ ቆጠራዎች ምን ነገሩን?

ኢትዮጵያ በዘመናዊ ታሪኳ ሦስት አገር አቀፍ ቆጠራዎችን አካሂዳለች። የመጀመሪያው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ተካሄደ። በጸጥታ ምክንያት ቆጣሪ ሊደርስባቸው ያልቻሉ አካባቢዎች በግምት ተሞልተው፣ ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳለ ተገለጸ። ሁለተኛው በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ተካሂዶ 53.5 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አስመዘገበ። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ በየዓመቱ በአማካይ 2.6 በመቶ ማደጉን ያወቅነው ሁለቱን ውጤቶች አነጻጽረን ነው።

የ1999ኙ ቆጠራ ስለ ዞናችንም ብዙ ነግሮናል። በዞኑ 457,278 ሰው፣ 103,803 ቤተሰብና ከ100 ሺህ በላይ መኖሪያ ቤት ተመዝግቧል። አንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.4 ሰው ነበረው። ከተሜው ከመቶ 12 አይሞላም ነበር፤ ከሚሴ ራሷ 19 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ነበረች። ዛሬ በአዲስ አበባና ደሴ መንገድ ላይ ከሚሴን የሚያልፍ ሁሉ ከተማዋ በ1999 ዓ.ም. ከነበረችበት ምን ያህል እንደሰፋች በዓይኑ ያያል። ዓይን ግን የሚያየው ሕንፃውንና ገበያውን ነው። ከጨመረው ሕዝብ ስንቱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ስንቱ ከገጠር ቀበሌ ሥራ ፍለጋ የገባ፣ ስንቱ ተፈናቅሎ የተጠጋ እንደሆነ በዓይን ለይቶ መናገር አይቻልም። ይህን ለይቶ የሚያሳየን ቤት ለቤት የሚጠይቅ ቆጠራ ነው።

2. የክልል አማካይ ዞናችንን አያሳይም

ቆጠራ ባልተካሄደባቸው ዓመታት አገሪቱ የተመራችው በናሙና ጥናቶች ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተካሂዶ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሥርዓተ ምግብ ትልቅ እውቀት አስገኝቷል። ይህን ሥራ እናከብራለን። ነገር ግን የእነዚህ ጥናቶች ናሙና የሚመጠነው ውጤቱ በክልል ደረጃ እንዲያስተማምን ተደርጎ ነው። የአማራ ክልል ተብሎ የሚወጣው ቁጥር ጎጃምን፣ ጎንደርን፣ ወሎንና ሸዋን በአንድ ላይ ይዞ የሚወጣ አማካይ ነው። ደዋ ሃረዋ ያለች እናት፣ ጅሌ ጥሙጋ ያለ ተማሪ፣ ባቲ ገጠር ያለ አርብቶ አደር በዚያ አማካይ ውስጥ አይታይም።

ዞናችን በክልሉ ውስጥ የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት ያለው፣ አብዛኛው ሕዝቡ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ አብዛኛው ሙስሊም የሆነ፣ ከአፋር ክልል ጋር የሚዋሰን ቆላማ አካባቢ ነው። የትምህርት ቋንቋው፣ የአየር ንብረቱና የኑሮ ዘይቤው ከብዙው የክልሉ ክፍል ይለያል። ለእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ የክልል አማካይን እንደ ራሱ መረጃ ወስዶ ማቀድ ስህተት ነው።

የዞኑ አማካይም ቢሆን በራሱ አይበቃም። በ1999 ዓ.ም. የዞናችን የሕዝብ ጥግግት በካሬ ኪሎ ሜትር 120 ሰው ገደማ ነበር። ይህ ቁጥር ውኃ የሚተኛበትን የጨፋን ለም ሜዳና ወደ አፋር የሚወርደውን ደረቅ ቆላ በአንድ ላይ አካፍሎ የወጣ ነው። ቆጠራ ሙሉ ዋጋ የሚኖረው ውጤቱ በወረዳና በቀበሌ ተዘርዝሮ ሲወጣ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

3. ያረጀ ቁጥር በጤና ኬላ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት

ጉዳዩን ከሥራችን ቦታ በቅርብ እናሳይ። በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። በዓመቱ መጀመሪያ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ይደርሳቸዋል። ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ የተተነበየውን የቀበሌውን ሕዝብ ቁጥር በመቶኛ በማባዛት ነው። ይህን ያህሉ ነፍሰ ጡር፣ ይህን ያህሉ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ይህን ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይባላል።

ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ 5,000 ነው ተብሎ ከተተነበየና ሕፃናቱ 3 በመቶ ናቸው ከተባለ፣ ባለሙያዋ እንድትከትብ የሚጠበቅባት 150 ሕፃናትን ይሆናል። ባለሙያዋ በፀሐይ ተጉዛ፣ ቤት ለቤት ዞራ 180 ሕፃናት ከተበች እንበል። ሪፖርቷ 120 በመቶ ብሎ ይወጣል። በቀበሌው ያሉት ሕፃናት ግን በእውነት 200 ቢሆኑ፣ 20 ሕፃናት ሳይከተቡ ቀርተዋል ማለት ነው። ከመቶ በላይ የሆነው ሪፖርት እነዚህን 20 ሕፃናት ይሸፍናቸዋል። የሚላከው ክትባትም በ150 ልክ ስለሚሰላ ያጥራል። ነገሩ በተቃራኒውም ይከሰታል። ሕዝቡ ከተገመተው ያነሰ ከሆነ፣ ታታሪዋ ባለሙያ ዕቅዷን ያላሳካች ተብላ ትወቀሳለች።

ይኸው ችግር በትምህርት ቤትም አለ። ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ ሳይታወቅ፣ ትምህርት ቤት ከገቡት ውጪ የቀሩት ስንት እንደሆኑ ሊታወቅ አይችልም። የመማሪያ መጽሐፍ በአፋን ኦሮሞ ስንት ይታተም፣ መምህር ስንት ይመደብ፣ ክፍል የት ይሠራ የሚለው ሁሉ ልጆቹን ከመቁጠር ይጀምራል። የውኃ ነጥብ፣ የወፍጮ ቤት፣ የእንስሳት ክሊኒክና የዕለት እርዳታ እህልም እንዲሁ ናቸው።

ግምቱ እየራቀ መሄዱን የሚያሳይ ሌላ ምልክት አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፈረንጆቹ 2024 የኢትዮጵያን ሕዝብ ከ130 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ሲገምት፣ ከ1999ኙ ቆጠራ የተነሣው የአገር ውስጥ ትንበያ ግን በ110 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የ20 ሚሊዮን ሰው ልዩነት ከብዙ አገሮች ጠቅላላ ሕዝብ ይበልጣል። በአገር ደረጃ ይህን ያህል ከተለያየ፣ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

4. ቆጠራ ኅብረተሰቡን ራሱን ያሳየዋል

ቆጠራ ለበጀት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ኅብረተሰቡ ያለፈበትን መንገድ የሚያነብበት መዝገብም ነው። በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቆጠራ ተካሂዶ ብዙም ሳይቆይ በወሎ የድርቁ ረሃብ በረታ። ባቲ በ1977 ዓ.ም. ከየአቅጣጫው የተራበ ሕዝብ የሚጎርፍባት ትልቅ መጠለያ ሆነች። በዚያ ዘመን የተወለዱትን፣ በሕፃንነታቸው ያለፉትንና ወደ ሌላ አካባቢ የተሰደዱትን ታሪክ ለማጥናት የሚሻ ሰው፣ በኋለኞቹ ቆጠራዎች ያንን ትውልድ በዕድሜ ለይቶ መከታተል አለበት።

ዛሬም ሌላ ጥያቄ አለብን። ከዞናችን ወጣቶች ብዙዎቹ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። ቆጠራ የሚመዘግበው እዚህ የሚኖረውን ሰው ቢሆንም፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ወንዶችና ሴቶች ከታናናሾቻቸውና ከታላላቆቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በየትኛው ቀበሌ እንደሚጎድሉ ያሳያል። ጉድለቱ የት እንደከፋ ከታወቀ፣ የሥራ ዕድልና የሙያ ሥልጠና የት መቅደም እንዳለበትም ይታወቃል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ዕድሜ በጥንቃቄ ሲጠየቅ ነው። ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ «እናቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ሃምሳም በለው ስድሳም በለው» የሚል ነው። ስድሳ ብሎ ጽፎ ካለፈ በቆጠራው ላይ ሃምሳና ስድሳ የሞላቸው ሰዎች ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ በመሀል ያሉት ዕድሜዎች ይመናመናሉ። የሠለጠነ ቆጣሪ ግን ጊዜ ወስዶ «የ66ቱ አብዮት ሲፈነዳ ተወልደው ነበር? የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ ትዳር ይዘው ነበር?» እያለ ይጠይቃል። እናቲቱም «ያኔ የበኩር ልጄን ታቅፌ ነበር» ይሉታል፤ ከዚህ ተነሥቶ ወደ እውነቱ መቅረብ ይቻላል። ይህን ጥያቄ እናቲቱ በሚናገሩት ቋንቋ መጠየቅ የሚችለው አካባቢውን የሚያውቅ ቆጣሪ ነው።

5. እምነት የሚገነባው በግልጽነት ነው

ስለ ቆጠራ ስንናገር ሕዝቡ የሚያነሣውን ጥርጣሬ አልፈን መሄድ አንችልም። የ1999ኙ ቆጠራ ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገለጸ። ይህ ቀደም ሲል ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በሚበልጥ ያነሰ ስለነበር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር ጥያቄ አስነሣ፤ ክርክሩም ለዓመታት ዘለቀ። ማኅበራችን ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አንድ ነው። የቆጠራ ውጤት በሕዝብ ዘንድ የሚታመነው፣ ከቆጠራው በኋላ ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ በገለልተኛ ድኅረ ቆጠራ ጥናት ተለክቶ ለሕዝብ ይፋ ሲደረግ ነው።

አራተኛው ቆጠራ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 መሠረት በአሥር ዓመቱ መካሄድ ነበረበት። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎም ተራዘመ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ከዚያ በኋላ የኮሮና ወረርሽኝና ጦርነት መጡ። በ1999 ዓ.ም. በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የተቆጠረ ሕፃን ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል። የምርጫ ክልል በቆጠራ ውጤት ላይ ተመሥርቶ እንደሚወሰን ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋል፤ ይህ ወጣት ግን የሚመርጠው የአዲስ ቆጠራ ውጤት ባልታየበት ካርታ ነው።

በዚሁ ጊዜ ኬንያ በፈረንጆቹ 2019 ቆጥራ 47.6 ሚሊዮን፣ ታንዛንያ በ2022 ቆጥራ 61.7 ሚሊዮን፣ ዩጋንዳም በ2024 ቆጥራ ወደ 46 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳላቸው አውቀዋል። የእነዚህ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ልምድ ሥራው በአፍሪካ አቅም የሚቻል መሆኑን ያሳያል። ያም ሆኖ ጥድፊያን አንደግፍም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ግማሹን ሕዝብ ጥሎ የሚያልፍ ቆጠራ ለሌላ አሥር ዓመት የሚቆይ ቅሬታ ይተክላል።

6. አቋማችን

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ማኅበራችን የሚከተሉትን አቋሞች ወስዷል።

1ኛ. የአራተኛው ቆጠራ ዝግጅት በግልጽ የጊዜ ሰሌዳ ይመራ። የሚመለከታቸው አካላት ቆጠራውን ለማካሄድ መሟላት ያለባቸውን የሰላምና የጸጥታ ቅድመ ሁኔታዎች ለይተው ለሕዝብ ያሳውቁ። እስከዚያው የቀበሌ ካርታ የማደስ፣ የቆጠራ ቦታዎችን የማካለልና ቆጣሪ የማሠልጠን ሥራ አይቋረጥ።

2ኛ. የተፈናቀለ ወገን በሙሉ ይቆጠር። በ2013 ዓ.ም. በዞናችንና በአጎራባች የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በተከሰተው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተነቅሏል። ኦሮሞም ሆነ አማራ፣ አርጎባም ሆነ አፋር፣ በመጠለያ ያለም ሆነ በዘመድ ቤት የተጠጋ፣ ቀድሞ የነበረበትና አሁን ያለበት ቦታ ተለይቶ ይመዝገብ።

3ኛ. አርብቶ አደሩ አይታለፍ። በበጋ ከአፋርና ከቆላ ቀበሌዎች ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚመጣ ሕዝብ አለ። በሦስተኛው ቆጠራ አብዛኞቹ ክልሎች በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲቆጠሩ፣ አፋርና ሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። ድንበር ተሻግሮ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ በሁለት የተለያዩ ቀናት መሀል ሊታለፍ፣ አልያም ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። በዞናችንና በአጎራባች የአፋር ወረዳዎች ቆጠራው በአንድ ቀንና በአንድ መመሪያ ይካሄድ።

4ኛ. መጠይቁ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይቅረብ። ቆጣሪዎች ከየአካባቢው በችሎታቸው ይመረጡ። ለእናቶችና ለልጃገረዶች ጥያቄ የሚያቀርቡ በቂ ሴት ቆጣሪዎች ይመደቡ። የታሪካዊ ክስተቶች ዝርዝር በየወረዳው የአካባቢውን ታሪክ በሚያውቁ አዛውንቶች እገዛ ይዘጋጅ።

5ኛ. ማንነት በመልስ ሰጪው ቃል ብቻ ይመዝገብ። ብሔር፣ ሃይማኖትና አፍ መፍቻ ቋንቋ ሲጠየቁ ቆጣሪ ከስም ወይም ከአነጋገር ተነሥቶ አይገምት፤ የትኛውም አስተዳዳሪ ወይም የፖለቲካ ድርጅት በመልሱ ላይ ተጽዕኖ አያድርግ።

6ኛ. የግል ምስጢር ይጠበቅ። አንድ ቤተሰብ የሰጠው መልስ ለግብር፣ ለጸጥታም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ለየትኛውም አካል እንደማይተላለፍ በሕግ የተሰጠው ዋስትና በግልጽ ይነገር፤ የጣሰም ይጠየቅበት።

7ኛ. ውጤቱ ይመለስ። የዞናችን ውጤት በወረዳና በቀበሌ ተዘርዝሮ፣ በሁለቱ ቋንቋዎች ታትሞ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ኬላው ይገኝ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የወረዳና የቀበሌ ወሰን በተቀየረበት ቦታ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ማነጻጸር የሚያስችል ማብራሪያ አብሮ ይውጣ።

8ኛ. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይጠናከር። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በቆጠራና በቆጠራ መሀል ያሉትን ዓመታት ያገናኛል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም የራሱ ጥቅም አለው። ሁለቱም ግን የቆጠራን ቦታ አይተኩም፤ የቤቱን ሁኔታ፣ የውኃ ምንጩን፣ የሥራውን ዓይነትና የፍልሰቱን ታሪክ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጋር አያይዘው አይመዘግቡምና።

7. ጥሪያችን

ለኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎትና ለሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን፦ ዝግጅታችሁ የደረሰበትን ደረጃ በየጊዜው ለሕዝብ አሳውቁ። ያለፉትን ቆጠራዎች የቀበሌ ደረጃ መረጃ ተማሪና ተመራማሪ በቀላሉ እንዲያገኘው ክፍት አድርጉ። ድኅረ ቆጠራ ጥናትንም ከዋናው በጀት ጋር ከወዲሁ ያዙ።

ለአማራ ክልላዊ መንግሥትና ለዞኑ ምክር ቤት፦ የሕዝብ ብዛት በበጀት ቀመር ውስጥ ትልቅ ክብደት ያለው በመሆኑ፣ ከቆጠራው በፊትም ቢሆን የዞኑን ትንበያ ከጤና ኬላ የቤተሰብ ፎልደር፣ ከትምህርት ቤት ምዝገባና ከወሳኝ ኩነት መዝገብ ጋር እያመሳከራችሁ አርሙ።

በክልላችን መሣሪያ ለያዙና ለሚፋለሙ ወገኖች ሁሉ፦ ቆጣሪ የማንም ወገን አይደለም። ሕዝብ ያለ ስጋት እስኪቆጠር ድረስ ለልጆቹ በግምት መታቀዱ ይቀጥላል። ለሰላም ዕድል ስጡ።

ለኢማሞች፣ ለካህናት፣ ለአባ ገዳዎችና ለአገር ሽማግሌዎች፦ ቆጣሪ ሲመጣ በሩ እንዲከፈትለት፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ እንዳይደበቅ፣ ሴት ልጅ ሳትቆጠር እንዳትቀር ቃላችሁ ከማንም ቃል በላይ ይሰማልና አስተምሩ።

ለዞናችን ሕዝብ፦ በቆጠራ ቀን እያንዳንዱ ቤተሰብ ትልቁንና ትንሹን፣ ጤነኛውንና ታማሚውን፣ እንግዳውንና ባለቤቱን ለይቶ በእውነት ይናገር። ቁጥር ማብዛትም መቀነስም ጉዳቱ ለራስ ነው፤ በተሳሳተ ቁጥር የሚሠራ ጤና ኬላ ልጅን አያድንም።

እኛም በበኩላችን ከንግግር ያለፈ ግዴታ እንገባለን። የማኅበራችን አባላት በሰንበቴና በባቲ የገበያ ቀናት፣ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ስብሰባ ስለ ቆጠራ ጥቅም በሁለቱም ቋንቋዎች ያስተምራሉ። አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ አባሎቻችን በየቀበሌያቸው ለሥልጠናና ለማስተባበር ሥራ ራሳቸውን ያቀርባሉ። ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ የየቀበሌውን ቁጥር ለነዋሪው እያነበብን፣ ምን እንደሚል እያስረዳን፣ ከዕቅድና ከበጀት ጋር እያመሳከርን ተጠያቂነት እንዲኖር እንጠይቃለን። አራተኛው ቆጠራ ተካሂዶ ውጤቱ በዞናችን ቀበሌዎች እስኪደርስ ድረስ ይህን ጥያቄ ማቅረብ አናቆምም።

የማኅበሩ አባላት
ከሚሴ